በሰው መሣሪያ ላይ የራስን ቃል ስለ መጨመር

ገበሬ ማረሻውን ከቀጥቃጭ ይገዛል እንጂ ሞፈሩንና ቀንበሩን ለሌላ ሰው አይተውም። ለበሬዎቹ ቁመት፥ ለመሬቱ ጠባይና ለገዛ ክንዱ ርዝመት እንዲስማማ አድርጎ ራሱ ይጠርበዋል። ብረቱ የቀጥቃጩ ነው፤ እንጨቱ ግን የባለ እርሻው ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ መሬት የሚያርስ አንድ መሣሪያ ይሆናል። ገበሬውም የብረቱን አሠራር ባያውቅ አያፍርም፤ ቀጥቃጩም የእንጨቱን ልክ ባያውቅ አይወቀስም።

እኛ ተማሪዎች ግን በኮምፒዩተር ስንሠራ ይህን የቆየ ጥበብ ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። ፕሮግራሙን እንደ ተሰጠን እንቀበለዋለን፤ በሚችለው እንሠራበታለን፤ የማይችለው ነገር ሲያጋጥመን «የሠሩት ሰዎች አላሰቡበትም» ብለን እንተወዋለን። እኔም ይህችን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት ይህ አስተሳሰብ በሁሉም ቦታ እውነት አለመሆኑን፥ በተለይም ጊት በሚባለው ፕሮግራም ላይ ማንኛውም ተማሪ የራሱን ትእዛዝ ሊጨምርበት እንደሚችል፥ ይህንንም ማድረግ ምን ያህል ጥቅምና ምን ያህል ኀላፊነት እንዳለበት፥ ባየሁት መጠን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን ለመግለጽ ነው።

በመጀመሪያ ጊት ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት አንባብያን በአጭሩ ላስረዳ። ጊት የፋይሎችን ለውጥ እየመዘገበ የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። አንድ ሰው ብቻውን ወይም ብዙ ሰዎች ተባብረው አንድ ጽሑፍ ወይም አንድ ፕሮግራም ሲያዘጋጁ፥ ማን፥ መቼ፥ የትኛውን መስመር እንደ ለወጠና ለምን እንደ ለወጠ በቅደም ተከተል ይይዛል። የተመዘገበው እያንዳንዱ ለውጥ ኮሚት ይባላል። ኮሚት ከይዘቱ በስሌት የሚወጣ፥ 40 ፊደልና አኀዝ ያለው መለያ አለው፤ በውስጡም ከእርሱ በፊት የነበረውን ኮሚት መለያ ይይዛል። ስለዚህ የዛሬው ከትናንቱ፥ የትናንቱም ከትናንት በስቲያው ጋራ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስለ ሆነ፥ አሮጌውን መዝገብ ደልዞ ሰንሰለቱን እንደ ነበረ ማቆየት አይቻልም። ደግሞም ሥራውን የገለበጠ ሰው ሁሉ ታሪኩን በሙሉ ይዞ ስለሚሄድ፥ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ እንኳ በፍላሽ እየተቀባበሉ መሥራት ይቻላል።

ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 የጀመረው የሊኑክስ መሥራች የሆነው ፊንላንድ የተወለደው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። የሊኑክስ ሠራተኞች እስከዚያ ጊዜ ድረስ ቢትኪፐር በሚባል የአንድ ኩባንያ ፕሮግራም በነጻ ይገለገሉ ነበር። በዚያው ዓመት ነጻው ፈቃድ ስለ ተነሣባቸው፥ ቶርቫልድስ ሌላ ከመለመን ይልቅ የራሱን መሥራት መረጠ። ከጥቂት ወራት በኋላም በጁላይ 2005 ጥበቃውን ለጁኒዮ ሐማኖ አስረከበው።

በጊት የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በትእዛዝ መስመር ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ «ጊት» ብሎ የፕሮግራሙን ስም፥ ቀጥሎም የሚፈልገውን ትእዛዝ ይጽፋል። «ጊት ሎግ» ቢል የመዝገቡን ታሪክ ያሳየዋል፤ «ጊት ኮሚት» ቢል አዲሱን ለውጥ ይመዘግብለታል። ታዲያ ጊት የማያውቀውን ቃል የጻፍንለት እንደ ሆነ ምን ያደርጋል? ወዲያው «አላውቀውም» ብሎ አይመልስም። ኮምፒዩተሩ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር፥ ማለት ፓዝ የሚባለውን፥ ተከትሎ እየዞረ፥ ስሙ «ጊት» ብሎ ጀምሮ በሰረዝ ያንኑ ቃል ያስከተለ ፋይል ይፈልጋል። ካገኘም ቀሪዎቹን ቃላት ሁሉ አስረክቦ ያንን ፋይል ያሠራዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አዲሱ ቃል ከጊት ትእዛዞች እንደ አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

ይህን ነገር መጀመሪያ ሳነበው ማመን አቅቶኝ ነበር። ማመልከቻ የለውም፤ ምዝገባ የለውም፤ የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ ከፍቶ መበርበር አያስፈልገውም። አንድ ፋይል ጽፎ፥ ስሙን በደንቡ መሠረት አውጥቶ፥ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጥቶ፥ በትክክለኛው ፎልደር ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። ፋይሉ በማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ ቢጻፍ ግድ የለውም፤ ነገር ግን ለጀማሪ የሚቀለው የሼል ስክሪፕት ነው። ሼል ማለት እኛ የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ ለኮምፒዩተሩ የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። ስክሪፕት ማለትም በእጃችን አንድ በአንድ ልንጽፋቸው የነበሩትን ትእዛዞች በአንድ ፋይል ላይ በተራ ጽፈን ስናኖራቸው ነው። ዛሬ የምንጽፍበት የሼል ሰዋስው በአብዛኛው የመጣው ስቲቨን ቦርን በቤል ላቦራቶሪ ከሠራውና እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሼል ነው።

በሼል ስክሪፕት የሰውን መሣሪያ ማስፋት ከጊት በፊትም የነበረ ነገር መሆኑን ማወቅ ይገባል። በአምስተርዳም ከተማ በሚገኘው ነጻ ዩኒቨርሲቲ ዲክ ግሩን የሚባል መምህር ከሁለት ተማሪዎቹ ጋራ አንድ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። የሦስቱም የሥራ ሰዓት ስላልተገናኘ በአንድ ፋይል ላይ መቀባበል አስቸገራቸው። በዚያ ጊዜ አርሲኤስ የሚባል መዝጋቢ ፕሮግራም ነበረ፤ ነገር ግን አንዱ ሰው የያዘውን ፋይል ሌላው እንዳይነካው ይቈልፍ ነበር። ግሩን አርሲኤስን አልጣለውም፤ በላዩ ላይ የሼል ስክሪፕቶችን ደርቦ ሲቪኤስ የሚባለውን መሣሪያ አወጣና እ.ኤ.አ. በ1986 ለሕዝብ አቀረበው። ከዚያ በኋላ ብራያን በርሊነር በ1989 በሲ ቋንቋ እንደ ገና ጻፈው፤ ሲቪኤስም ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ የአንድ መምህርና የሁለት ተማሪዎች ችግር የወለዳቸው ጥቂት የሼል ገጾች ወዴት እንደ ደረሱ ልብ በሉ።

ጊትም ራሱ በልጅነቱ ብዙዎቹ ትእዛዞቹ የሼል ስክሪፕቶች ነበሩ። ሪቤዝ የሚባለው ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2018፥ ስታሽ የሚባለውም በ2019 ወደ ሲ ቋንቋ ተዛውረዋል። ምክንያቱም ስክሪፕት ለእያንዳንዷ ጥቃቅን ሥራ ሌላ ፕሮግራም እየጠራ ስለሚሠራ ፍጥነት ይጐድለዋል። ይህም ቢሆን ስክሪፕቱን የሚያሳንሰው አይደለም። ችግኝ መጀመሪያ በመደብ ላይ ይፈላል፤ መጽደቁ ከታየ በኋላ ወደ ሰፊው መሬት ይዛወራል። ሼል መደቡ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን የባዮሎጂ መምህራችን በአካባቢያችን የሚበቅሉትን ዕፀዋት ስማቸውን፥ ጠባያቸውንና ጥቅማቸውን እንድንመዘግብ በስድስት ቡድን ከፈሉን። ብሳናው፥ ዋንዛው፥ እንዶዱ ሁሉ እየተፈለገ ተጻፈ። ጽሑፉን የያዝነው በጊት ነበር፤ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የምናዛውረውም በፍላሽ ነበር። መምህራችንም እያንዳንዱ ተማሪ ድርሻውን እስከ ታኅሣሥ 20 ቀን እንዲጨርስ፥ ከዚያ ያለፈ ግን ከ20 ማርክ 5ቱ እንደሚቀነስበት አስታወቁ። ማን መቼ እንደ ጨረሰ የሚያዩት ከጊት መዝገብ ታትሞ ከቀረበላቸው ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በቁጥር ብቻ የተጻፈ ነበር፤ ጊት የኢትዮጵያን የዘመን አቈጣጠር አያውቅምና።

ከቡድናችን አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ጭምት ናት፤ በክፍል ውስጥ እምብዛም አትናገርም። በስሟ የተመዘገበው የመጨረሻው ኮሚት ዲሴምበር 30 ቀን 2023 የሚል ነበር። መምህራችን በታኅሣሥ ወር በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 9 ቀን መሆኑን ያውቁ ስለ ነበረ፥ ከ30 ላይ 9 ቀንሰው ታኅሣሥ 21 አገኙ። አንድ ቀን ዘግይታለች ተብሎ አምስት ማርክ ተቀነሰባት። እርስዋ ግን «በቀኑ ነው የጨረስሁት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። ዐይኗ እንባ አቅርሮ ወደ መቀመጫዋ ስትመለስ አየኋት።

በማግሥቱ የ2016ን የግድግዳ ካላንደር ይዘን ሄድን። ያ ዓመት ከሌሎቹ የተለየ ነበር። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ዋለች፤ ስለዚህ የ2016 እንቊጣጣሽ እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ቀን ሳይሆን 12 ቀን ዋለ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ በአንድ ቀን ከፍ ይላል። ስለዚህ ዲሴምበር 30 ቀን 2023 የዋለው ታኅሣሥ 20 ቀን ነው። መምህራችንም ካላንደሩን ጥቂት ተመልክተው «ልጄ፥ ማርክሽ ይመለስልሻል» አሏት። ቀጥለውም «የእርስዋ እንዲህ ከሆነ የሌሎቹም መታየት አለበት፤ ነገር ግን ከሁለት መቶ በላይ መስመር ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ትእዛዝ የለውም ወይ?» ብለው ጠየቁን። የለውም ነበር። እኔም «አንድ ቀን ይስጡኝ» ብዬ ወጣሁ።

ያን ዕለት የጻፍሁት ስክሪፕት ከ40 መስመር አይበልጥም፤ ስሌቱም በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራ የሚችል ስለ ሆነ አንባብያን ራሳቸው ይሞክሩት ዘንድ እገልጸዋለሁ። ጊት ጊዜን በውስጡ የሚይዘው በቀንና በወር ስም አይደለም። በግሪንዊች ሰዓት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 መጀመሪያ ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች በመቊጠር ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ የእያንዳንዱን ኮሚት የሴኮንድ ቁጥር ከጊት ሎግ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ስለምትቀድም 10,800 ሴኮንድ ይጨምርበታል። ከዚያም አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስለ ሆነ በዚያ ያካፍለዋል። ሼል በክፍልፋይ አይሠራም፤ ትርፉን ጥሎ ሙሉውን ቀን ብቻ ይሰጣል። ለሌላ ሥራ ጉድለት የሆነው ይህ ጠባዩ ለእኛ ጠቀመን።

ለዲሴምበር 30 ቀን 2023 የሚወጣው 19,721 ቀን ነው። በዚህ ላይ 716,732 ይጨመራል። ይህ ቁጥር ከዓመተ ምሕረት 1 በፊት ካለው ዓመት መባቻ ጀምሮ እስከዚያ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ያለፉት ቀኖች ብዛት ነው። ድምሩ 736,453 ይሆናል። አራቱ ወንጌላውያን አንድ ጊዜ ሲዞሩ 1,461 ቀን ነውና በዚያ ሲካፈል 504 ዙር ደርሶ 109 ቀን ይተርፋል። 504 በ4 ሲባዛ 2016 ነው፤ ዓመቱ ተገኘ። የተረፈው 109 ቀን አንድ ዓመት ስለማይሞላ በ30 ይካፈላል፤ 3 ወር አልፎ 19 ቀን ይተርፋል። እንግዲህ ያለነው በአራተኛው ወር፥ በሃያኛው ቀን ላይ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥንቃቄ ያሻል፤ ይኸውም ከዙሩ የሚተርፈው 1,460 ሲሆን ነው፤ ያ ቀን ጳጉሜን 6 ስለ ሆነ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዳይሻገር በስክሪፕቱ ውስጥ ለብቻው ተጽፎለታል። በዚሁ ስሌት የሴኮንዱ ቈጠራ መነሻ የሆነውን ዜሮውን ቀን ብናሰላው ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ይወጣል።

ስሙን «ዘመን» አልሁት። በሊኑክስ ላይ የፋይል ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ስለሚቻል፥ «ጊት» የሚለው በላቲን ፊደል ከተጻፈ በኋላ «ዘመን» የሚለውን በገዛ ፊደላችን አስከተልሁበት። በመካከሉ የፊደል ገበታውን መለወጥ ስለሚያደክም በላቲን የተጻፈ ሁለተኛ ስም አበጅቼለታለሁ። ነገር ግን ጊት «ዘመን» የሚለውን ቃል በፊደላችን ተቀብሎ፥ ወሩን መስከረም፥ ጥቅምት፥ ኅዳር እያለ ሲዘረዝር ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ስለ እኛ ካላንደር አላሰቡም፤ ሊያስቡም አይገደዱም። ያሰቡት እነርሱ ያላሰቡትን የሚያስብ ሰው ሊመጣ እንደሚችል ነው። በሩን ክፍት የተዉትም ስለዚህ ነው።

በማግሥቱ የስድስቱ ቡድን መዝገብ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ያለ አግባብ ዘግይተዋል የተባሉ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ተገኙና ማርካቸው ተመለሰላቸው። ነገር ግን ስክሪፕቱ ያልጠበቅነውን ነገር ደግሞ አወጣ። የቅርብ ጓደኛዬ የሆነ አንድ ልጅ በታተመው ወረቀት ላይ ያለው ቀን እንደዚያች ልጅ ዲሴምበር 30 ነበር። በግድግዳው ካላንደር ብንሄድ እርሱም በቀኑ ደርሷል ማለት ነው። ስክሪፕቱ ግን ታኅሣሥ 21 ብሎ ጻፈበት። ምክንያቱን ስንመረምር፥ ላፕቶፑ ከአሜሪካ ከአጎቱ የተላከለት ስለ ሆነ የሰዓት ክልሉ እንደ ካሊፎርኒያ እንደ ሆነ ቀርቷል። ጊት ሎግ ደግሞ ቀኑን የሚያሳየው ጸሐፊው በነበረበት የሰዓት ክልል ነው። እኛ ዘንድ እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን በእነርሱ ዘንድ ገና ቅዳሜ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ሴኮንዱ ግን የትም አገር አንድ ነው፤ ስክሪፕቱ የቈጠረው ሴኮንዱን ነው።

በዚያን ጊዜ ወረቀቱን ይዤ ጥቂት ቆምሁ። ያችን መስመር ያየ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ለአንዲቱ እውነት የፈረደውን ስሌት ለሌላው ስል ብሰውረው፥ የፊተኛውም ፍርድ ፍርድ መሆኑ ይቀራል። መጀመሪያ ለራሱ ለጓደኛዬ አሳየሁት። «አዎን፥ እሑድ ጠዋት ነው የሠራሁት» አለ። አብረን ሄደን ለመምህራችን ነገርናቸው፤ አምስቱም ማርክ ተቀነሰበት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሰላምታችን ቀዝቅዞ ነበር። ይህን የምጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው።

ያስታረቀንም ያው ስክሪፕት ሆነ። አንድ ቀን ወደ እኔ መጥቶ «ዓመቱ የማን ዘመን እንደ ሆነ ለምን አይናገርም?» ብሎ ጠየቀኝና ራሱ ጨመረበት። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። የጨመረው ስድስት መስመር በስክሪፕቱ መዝገብ ላይ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። የላፕቶፑንም የሰዓት ክልል በዚያው ቀን አስተካከለ።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ ከተማርሁት ውስጥ ሌሎችም ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ላስቀምጥ። አንደኛ፥ ስም ሲወጣ ማስተዋል ያሻል። ጊት መጀመሪያ የሚያየው በውስጡ ያሉትን የራሱን ትእዛዞች ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው ስክሪፕቱን «ሎግ» ብሎ ቢሰይመው ለዘለዓለም አይጠራለትም። እንግዳ መቀመጫ ይጨመርለታል እንጂ ባለቤቱን ከወንበሩ አያስነሣም። ይህም ደንብ መልካም ነው፤ ማንም ሰው በሌላው ኮምፒዩተር ላይ የታወቀውን ትእዛዝ በድብቅ እንዳይለውጥ ይጠብቃልና።

ሁለተኛ፥ ስክሪፕት ሲወድቅ መውደቁን መናገር አለበት። በሼል ደንብ አንድ ፕሮግራም ሥራውን ሲፈጽም ዜሮ፥ ሲሰናከል ግን ሌላ ቁጥር ይመልሳል። ምንም ሳይሠራ ዜሮ የሚመልስ ስክሪፕት ከሐሰተኛ ምስክር አይሻልም። ስለዚህ «ዘመን» የጊት መዝገብ በሌለበት ፎልደር ውስጥ ቢጠራ፥ ባዶ ዝርዝር ከማሳየት ይልቅ ምክንያቱን ተናግሮ ይቆማል። ይህን ለማቅለል ጊት ራሱ ለስክሪፕት ጸሐፊዎች ያዘጋጀው ረዳት ፋይል አለ። ረዳቱ ያለበትን ፎልደር ለማወቅ ጊትን «ኤግዜክ-ፓዝ» የሚለውን አማራጭ መጠየቅ ይበቃል። በዚያ ፎልደር ውስጥ በሼል የተጻፉ ትእዛዞች ስለሚገኙ፥ እነርሱን ማንበብ ከመምህር አጠገብ ተቀምጦ እንደ መማር ነው።

ሦስተኛ፥ የሰው ስምና የፋይል ስም በመካከሉ ባዶ ቦታ እንደሚኖረው መርሳት አይገባም። ሼል ባዶ ቦታ ባገኘ ጊዜ አንዱን ቃል ሁለት አድርጎ ይቈርጠዋል፤ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያልገባ ስም ግማሹ ይጠፋል። በአገራችን ሰው ከአባቱ ስም ጋራ ስለሚጠራ ይህ ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ ያጋጥማል።

አራተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፥ ስክሪፕት በእኛ ሥልጣን የሚሠራ ስለ ሆነ እኛ ልንሰርዘው የምንችለውን ሁሉ ሊሰርዝ ይችላል። ከማያውቁት ሰው የተገኘ ስክሪፕት ሳይነበብ ሊሠራበት አይገባም። ጊትም ይህን ተረድቷል፤ በኮሚት ጊዜ በራሳቸው የሚነሡት ሁክ የሚባሉት ስክሪፕቶች መዝገቡ ሲገለበጥ አብረው አይገለበጡም። ጥሩነቱ ስክሪፕት ያለ መጋረጃ የሚታይ ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ ማንበብ የሚችል ሰው ምን እንደሚያደርግ ሊያውቅ ይችላል።

ደግሞ መምህራችን የጠየቁንን አንድ ጥያቄ ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። «የኮምፒዩተሩ ሰዓት ራሱ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» አሉን። ጥያቄው የሚያስመሰግን ነው። ጊት የሚጽፈው ኮምፒዩተሩ የነገረውን ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ቢሳሳት መዝገቡም ይሳሳታል። ስለዚህ የዚያችን ልጅ ኮሚት ስንመረምር ቀኑን ብቻ አላየንም። በዚያው ቅዳሜ ማታ በሌላ ተማሪ ኮምፒዩተር የተጻፈው ኮሚት የእርስዋን መለያ ቀዳሚው አድርጎ ይዞታል። ሁለት ኮምፒዩተሮች መሰከሩ ማለት ነው። ትእዛዝ መጻፍ ቀላል ነው፤ ትእዛዙ የሚያሳየው ነገር እስከ ምን ድረስ ሊታመን እንደሚችል ማወቅ ግን የሰው ፈንታ ነው።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ በትምህርት ቤታችን ገና ያልተጻፉ ትእዛዞች ብዙ ናቸው። የአማርኛ ጽሑፍ ሲመዘገብ «ሀ»ንና «ሐ»ን፥ «ሰ»ንና «ሠ»ን በአንድ ቃል ውስጥ ያቀያየረውን የሚጠቁም ትእዛዝ ቢኖር የመጽሔታችን አዘጋጆች ድካም በቀለለ ነበር። በቡድን ሥራ ማን ምን ያህል መስመር እንዳበረከተ በአማርኛ የሚያስታውቅ ትእዛዝ ቢኖር ክርክሩ በቀነሰ ነበር። እነዚህን ለመጻፍ ትልቅ ኮምፒዩተርም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሊጽፍ የፈለገ ሰው ይምጣ፤ የማውቀውን አሳየዋለሁ፤ የማላውቀውንም አብረን እናነባለን።

ወላጆቻችንም ልጆቻቸው በኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጡ ባዩ ጊዜ «ምን እያየህ ነው?» ከማለት ይልቅ «ምን እየጨመርህበት ነው?» ብለው ቢጠይቁን ደስ ይለናል። መልስ የምናጣበት ቀን ቢኖር እንኳ ጥያቄው ራሱ ወደ ሥራ ይመራናል።